ለነገ ያደረ ሹመት

«ቀኝ አሥር ዲግሪ!» አሉ ኮማንደር ሞላልኝ፣ ከሹፌሩ ጎን ካለው ወንበር ላይ ጣታቸውን ወደ መስተዋቱ ቀስረው።

«ያ ኤግዚት የእኛ መውጫ አይደለም፣ ኮማንደር። የእኛ ገና ሁለት ማይል ይቀረዋል» አለች ብርቅነሽ፤ መሪዋንም አላነቃነቀች።

«የባሕር ማይል ነው የየብስ?»

«የቴክሳስ ነው።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉና፣ «ትእዛዝ ሲሰጥሽ ድገሚ እንጂ አትከራከሪ» አሏት። «ከላይ ከብሪጅ፣ ከመሪው ክፍል፣ ‹ሙሉ ኃይል ወደ ፊት› ሲባል፣ ከታች ሞተር ክፍል ‹ሙሉ ኃይል ወደ ፊት› ብሎ ይመልሳል። ካልመለሰ ትእዛዙ አልደረሰም ማለት ነው።»

«ኦኬ። ሁለት ማይል ቀጥታ፣ ከዚያ ኤግዚት። ተሰምቷል።»

«ጎበዝ።»

ቅዳሜ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ከሪቻርድሰን ወደ ዋይሊ የሚወስደው መንገድ በዕረፍት ቀን ቀለል ይላል። ኮማንደሩ፣ ብርቅነሽ ተኩሳ ያዘጋጀችላቸውን ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል። መልሕቅ ከተቀረጸባቸው ስድስት የናስ ቁልፎች የቀሩት አምስት ናቸው፤ ስድስተኛውን ከአንድ ተራ ኮት ላይ ቆርጣ ተክታላቸዋለች። ትከሻቸው ላይ የኮማንደርነታቸው ሦስት የወርቅ መስመር ከነደበዘዘ ክሩ ተቀምጧል። ነጩ ኮፍያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጉልበታቸው ላይ አለ። በደረት ኪሳቸው ደግሞ የአሥራ ዘጠኝ ሟቾች ስም የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ ከቤት እስኪወጡ አራት ጊዜ አውጥተው አይተውታል።

ብርቅነሽ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ ሴት ናት። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ኮማንደሩን በሳምንት ሦስት ቀን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒታቸውን በየሰዓቱ ትሰጣለች፤ ይህን ካደረገች አራት ዓመት ሆኗታል። ድርጅቱ ሲመድባት «የአገርሽ ሰው ናቸው» ብሎ ነበር። እሷ ግን በሩ ሲከፈት ያየችው የአገሯን ሰው ብቻ አልነበረም። በሃያ አራት ዓመቷ፣ አሰብ ላይ፣ በባሕር ኃይል አስተዳደር ክፍል ታይፒስት ሳለች፣ በቢሮዋ በኩል ሲያልፉ ከወንበሯ የምትነሳላቸውን ሰው ነበር ያየችው።

በባሕር ኃይል ቤት የነበሩ መኮንኖች ሁለት ወገን ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የላይና የታች። የላዮቹ፣ ከመርከቡ ወለል ላይ ሆነው የሚመሩት፣ የዴክ መኮንኖች ናቸው። ንፋሱ የነሱ፣ መነጽሩ የነሱ፣ አዛዥነቱ የነሱ። የታቾቹ የሞተር ክፍል መኮንኖች ናቸው፤ አርባ አምስት ዲግሪ ሙቀት ውስጥ እየሠሩ ከወርቅ መስመራቸው መካከል ሐምራዊ ጨርቅ የሚያስገቡ፣ ማንነታቸው ከሩቅ እንዲለይ። የዴክ ሰዎች እነዚህን «ዘይት ጠራጊ» ይሏቸዋል። እነሱም መልሰው «ሹፌር» ይሏቸዋል። ከሁሉ የሚያመው ግን ስድቡ አልነበረም። የሞተር ክፍል ሰው ምንም ቢሠራ ኮማንደር ላይ ይቆማል፤ አራተኛዋ መስመር፣ የካፕቴንነቷ፣ ወደ ታች ወርዳ አታውቅም።

አሜሪካ ግን ቀልድ የምትወድ አገር ናት። የዴክ ሰው የነበሩትን ኮማንደር ሞላልኝን ወስዳ በአንድ አፓርታማ ግቢ ለአሥራ ስምንት ዓመት የማቀዝቀዣና የቦይለር ጠጋኝ አደረገቻቸው፤ እጃቸው ከዘይት ሳይጸዳ ጡረታ ወጡ። የሞተር ክፍሉን ሰው ኮማንደር ተሻገርን ደግሞ በአውሮፕላን ማረፊያው ከተርሚናል ተርሚናል መንገደኛ የምታመላልስ አውቶብስ መሪ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። አንዳቸውም በሌላው ፊት አንስተውት አያውቁም፤ ቁም ነገር ከተነጋገሩ ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው።

የተለያዩት በዚችው ዕለት፣ በግንቦት 16፣ 1983 ነበር። አሰብ ልትያዝ ስትል፣ «አርባ አንድ» እያሉ በቁጥሯ የሚጠሯት መርከብ ንጋት ላይ ሁለት መቶ ሰው ጭና ወደ የመን ወጣች። ሞላልኝ ከላይ ያዛሉ፤ ተሻገር ከታች ሞተሩን ይዘዋል። መሐል ባሕር ላይ ተሻገር ሳይታዘዙ ሞተሩን አጠፉት። ለአርባ ደቂቃ። ሞላልኝ ደረጃውን ወርደው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «አንተ ዘይት ጠራጊ፣ ልታስጨርሰን ነው!» አሏቸው። ተሻገርም፣ «ቢቃጠል ምን ላይ ልትቆም ነበር፣ ሹፌር!» አሉ። መርከቧ ደረሰች። ሁለቱ ሰዎች ግን እዚያው ባሕሩ ላይ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ከእነዚያ መርከቦች የተረፉት የሰሜን ቴክሳስ ነዋሪዎች ዋይሊ አጠገብ ላቮን ሐይቅ ዳር ይሰበሰባሉ። ባሕር ባይሆንም ውሃ ነው። በጦርነቱ የሞቱ ጓዶቻቸውን ስም የሚያነበው በማዕረግ የበላይ የሆነው ነው፤ ሕጋቸው እንዲህ ይላል። እስከ አምና የሚያነቡት ካፕቴን ክርስቲያን ነበሩ። እሳቸው በየካቲት ዐረፉ። የቀሩት ትልልቆቹ ሁለት ኮማንደሮች ናቸው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ደብዳቤ ኮማንደር የተባሉ።

ማክሰኞ ደግሞ ኮማንደር ሞላልኝ ወደ ሲያትል ይሄዳሉ። ልጃቸው ከቤቱ አጠገብ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አዛውንት የሚኖሩበት ቤት አግኝቶላቸዋል። ሐኪሙ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰው ላይለዩ ይችላሉ ብሎታል። እሳቸው ስለ ሲያትል ግድ አልነበራቸውም። ለሦስት ሳምንት ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጆቹን አንዴ ላንብባቸውና ውሰዱኝ።»

«ብርቅነሽ» አሉ አሁን፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው። «ያን የመጨረሻውን የሹመት ዝርዝር የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ካፕቴን ሞላልኝ ይል ነበር፣ አይደል?»

ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊትም ሰምታዋለች። ያኔ «ምስጢር ነው፣ ኮማንደር» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም «ጎበዝ፣ መሐላሽን ጠብቂ» ብለው ይተውታል። ዛሬ ግን አልተዉትም።

«ደብዳቤ ትዝ ይለኛል» አሉ፣ ግንባራቸውን እየዳበሱ። «ስለ ሹመት የጻፍኩት ደብዳቤ ነበር። ስለ ማን እንደጻፍኩ ጠፋብኝ። ስለ ራሴ ይሆን? ሰው ስለ ራሱ ይጽፋል እንዴ?»

«ኤግዚታችን መጣ፣ ኮማንደር።»

«ኤግዚታችን መጣ፤ ተሰምቷል» አሉ።

ብርቅነሽ ደብዳቤውንም ዝርዝሩንም የጻፈችው በእነዚሁ ጣቶቿ ነው። የሹመቱ ዝርዝር ላይ ለካፕቴንነት አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የሞላልኝ አልነበረም።

ሐሙስ ግንቦት 15፣ 1983፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት። የአሰብ ሙቀት ቢሮውን ሞልቶታል። ኦሎምፒያ የጽሕፈት መኪናዋ ላይ የመጨረሻውን መስመር ስትጨርስ ቀኑን ስታ መታች፤ ማጥፊያውን አንስታ ስትፈትግ፣ ላቧ የነካው ወረቀት ተበሳ። የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ። አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አምጪው ይፈረምበት፤ ማታ ሰልፍ ላይ ይነበባል» አላት። እሷ በንጹሕ ጽሑፏ የታወቀች፣ በዚያም የምትኮራ ልጅ ነበረች። «ቀዳዳ ወረቀት ለአዛዥ አላቀርብም። ነገ ጠዋት በንጹሕ ገልብጬ አደርሳለሁ» አለችው። ነገ ጠዋት አሰብ አልነበሩም። የመን ሲደርሱ የቢሮው ወረቀት ሁሉ ባሕር ውስጥ እንዲጣል ታዘዘ፤ እሷም ቀዳዳውን ወረቀት ከሌላው ጋር ጣለችው። በባሕር ኃይል ደንብ ማዕረግ በሰልፍ ፊት ካልተነበበ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ስለዚህ ማንም ካፕቴን አልሆነም፤ ለአንዲት የምስር ፍሬ ሲባል። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። መጀመሪያ ከመሐላዋ የተነሳ ነበር፤ በኋላ ከኀፍረቷ።

ሐይቁ ዳር ስትደርስ ከዛፎቹ ሥር ፓርክ አደረገች። አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች በጥላው ሥር ተቀምጠዋል፤ ነባር ልማዳቸው ሆኖ የዴክ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ፣ የሞተር ክፍል ሰዎች በሌላው። መሐል የቆመው ጥዑመልሳን ነው፤ የድሮ የሬዲዮ ሰው፣ የዛሬ የማኅበሩ ጸሐፊ። ሬዲዮ ከላይም ከታችም ስላልነበረ ማንም አያምነውም፣ ማንም አይጠላውም።

«ሶ፣ እንግዲህ» እያለ ነበር ጥዑመልሳን፣ «ሁለቱም ኮማንደር ናቸው። ቀናቸው አንድ ነው፣ የደብዳቤ ቁጥራቸው አንድ ነው። እኔ የምለው ዕጣ እንጣል።»

«ዕጣ?» አሉ ኮማንደር ተሻገር ከመቀመጫቸው ተነሥተው። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ትከሻቸው ላይ ከሦስቱ የወርቅ መስመሮች መሐል ሐምራዊው ጨርቅ አሁንም ደምቆ ይታያል። «ማለቴ፣ በዕጣ ነው እንዴ የሞቱት?»

ከዴክ ጠረጴዛ አንዱ፣ «ዴክ ይቀድማል፤ ድሮም እንዲያው ነው» አለ።

«መርከብ ሲኖር ነው ዴክ የሚቀድመው። መርከቡ የታለ?» አሉ ተሻገር፣ እጃቸውን ወደ ሐይቁ ዘርግተው። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አንዱ የሞተር ክፍል ልጆች ናቸው። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ባሕረኛ ኪያን ‹ቫልቩን ክፈት› ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ፤ አልተመለሰም። ያን ሁሉ ዓመት የዴክ ሰው ስማቸውን ሲጠራ ቆሜ ሰማሁ። አንድ ጊዜ እኔ ልጥራቸው ብዬ ብለምን ነውር ነው?»

ኮማንደር ሞላልኝ በአግዳሚው ጫፍ ተቀምጠው፣ ክርክሩ የሌላ ሰው ይመስል፣ ወረቀታቸውን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይለማመዱ ነበር። ጥዑመልሳን ሁለት ወረቀት ጠቅልሎ በሞላልኝ ነጭ ኮፍያ ውስጥ ጣለ።

ብርቅነሽ ከዚህ በላይ መቆም አልቻለችም። እሷ እያወቀች ዕጣ ሲወጣ ማየት ኃጢአት መሰላት። ብትናገር ደግሞ የምታጥባቸው፣ የምታበላቸው ሰው የመጨረሻ ምኞታቸውን ያጣሉ፤ በእሷ አፍ። ለሁለቱም አዘነችላቸው። ሆኖም እግሯ ሄደ።

«ኮማንደር ተሻገር፣ አንድ አፍታ» አለች፣ እጃቸውን ያዝ አድርጋ። «ወደ መኪናዬ ይምጡልኝ። ጥዑመልሳን፣ እስክንመለስ ዕጣውን እንዳትነካው።»

ከመኪናዋ ፊት ሲደርሱ ዞር ብላ በቀጥታ ተናገረችው። «በመጨረሻው ዝርዝር ካፕቴን የተባሉት እርስዎ ነዎት።»

ተሻገር አፈጠጡባት። «የሞተር ክፍል ሰው?»

«የመጀመሪያው እርስዎ ነበሩ።»

«ማን ፈቀደው? የሹመት ቦርዱ ላይ የነበሩት ሁሉ የዴክ ሰዎች ናቸው።»

«ኮማንደር ሞላልኝ ደብዳቤ ጻፉ። እሱንም የተየብኩት እኔ ነኝ።»

«እኔን እንዳያሳልፉ?»

«እንዲያሳልፉዎት እንጂ!»

ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ድምፅ ወጣቸው። «አታላግጪ፣ ብርቅነሽ። ምን ብሎ?»

በቃሏ አልመጣላትም። እጆቿን መኪናው ላይ አሳረፈችና ጣቶቿን እንደ ድሮው ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ የፊደሉ ቁልፎች ከእጇ ሥር ያሉ ይመስል። ያኔ ቃሉ መጣ። «ሞተር ክፍላችን ከብሪጅ አንሶ አያውቅም፤ ያነሰው አያያዛችን ነው» አለች፣ ጣቶቿ የመኪናውን ሽፋን እየመቱ። «ከእኔና ከኮማንደር ተሻገር አንዳችን ብቻ የምንሾም ከሆነ፣ እሱ ከእኔ በፊት እንዲሾም በአክብሮት አመለክታለሁ። እኔ መርከብ እመራለሁ፤ በሕይወት የሚያኖራት ግን እሱ ነው።»

ተሻገር መኪናውን ተደገፉ።

«መቼ ነው የጻፈው?»

«ከመውጣታችን ሦስት ሳምንት በፊት።»

«ከዚያ በኋላ ነው ‹ዘይት ጠራጊ› ያለኝ።»

«ከዚያ በኋላ ነው።»

«ለምን አልነገረኝም? ያን ሁሉ ዓመት እዚሁ ሪቻርድሰን ነበር እኮ፤ የሃያ ደቂቃ መንገድ!»

«ምን ብለው ይንገሩዎት? ‹እኔ ነኝ ያስሾምኩህ› ይበሉ? ያውም ሹመቱ ሳይነበብ ቀርቶ? ያልተነበበው ደግሞ በእኔ ነው» አለች፤ እንባዋም መጣ። ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ንጹሕ ወረቀቱ፣ ስለ ነገ ጠዋቱ ነገረቻቸው። «ያን ቀን ‹ይሁን› ብዬ አቅርቤው ቢሆን ማታውኑ ይነበብ ነበር። መርከቧ ላይ ሲወጡ ካፕቴን ይሆኑ ነበር። ምናልባትም እርስዎና እሳቸው አትሰዳደቡም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

የጠበቀችው ቁጣ አልመጣም። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አጠጋግተው በመሐሉ ያለውን ክፍተት አዩ።

«ምስር ታህላለች አልሽ?»

«አዎ።»

«ልጅ ነበርሽ» አሉ። «ንጹሕ ሥራ ወደድሽ። እኔም ያን ቀን ሞተሩን ያጠፋሁት ሥራዬን ስለምወድ ነው። ማንን ልቆጣ?» ከዚያ በመነጽራቸው ሥር ዓይናቸውን ጠረጉ። «እሱ አሁን ያስታውሳል?»

«ደብዳቤ እንደጻፉ ያስታውሳሉ። ስለ ማን እንደሆነ ጠፍቷቸዋል። ካፕቴን የተባሉት እሳቸው ይመስላቸዋል።»

«ማክሰኞ ነው የሚሄደው?»

«ማክሰኞ።»

«ከፈቀዱልኝ አሁኑኑ ሄጄ በሁሉም ፊት እናገራለሁ» ብላ ጨመረች ብርቅነሽ። «የእርስዎ ነው። ልጆችዎንም ይጠራሉ።»

ተሻገር ኮፍያቸውን አስተካክለው ወደ ጥላው ተመለሱ፤ እሷም ተከተለቻቸው። ጥዑመልሳን ፊት ሲደርሱ ከነጩ ኮፍያ ሁለቱን ጥቅል ወረቀቶች አወጡና ኪሳቸው ከተቱ።

«ዕጣው ይቅር። ኮማንደር ሞላልኝ ይቀድሙኛል።»

የሞተር ክፍሉ ጠረጴዛ በጉምጉምታ ተናጠ። አንዱ እንዲያውም ተነሥቶ ሊሄድ ቃጣው።

«ሞተር ክፍል፣ ጸጥታ!» አሉ ተሻገር። ሊሄድ የቃጣውም ተመልሶ ተቀመጠ። ብርቅነሽ ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች። አንዱ ሌላውን አስቀድሞ ጻፈ፤ ሌላውም ዛሬ አስቀደመው። ከተሻገር በቀር ይህን በዓለም ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ መሆኗ ደስም አላት፣ ከበዳትም።

ኮማንደር ሞላልኝ ኮፍያቸውን አድርገው ከሐይቁ ዳር ቆሙ። ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። ድምፃቸው ብርቅነሽ ከጠበቀችው በላይ ጠራ ብሎ ወጣ። «ፔቲ ኦፊሰር አለማየሁ» አሉ፤ ጥዑመልሳን ትንሿን የእጅ ደወል አንድ ጊዜ መታ። «ባሕረኛ ሁሴን።» ደወል። «ባሕረኛ ገረመው።» ደወል። እንዲህ እያለ ስድስት ስም ሄደ።

በዚህ መሐል ከሐይቁ ላይ አንዲት የሞተር ጀልባ ድምፅ እየቀረበ መጣና ድንገት ቆመ። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ መንጠቆውን ሊጥል ሞተሩን ማጥፋቱ ነው። ኮማንደር ሞላልኝ ግን ቀና አሉ። ዓይናቸውም ከቴክሳስ ወጥቶ ሄደ።

«ሞተሩ ቆመ» አሉ። «ሞተሩን ማን አቆመው? ሁለት መቶ ሰው ነው ያለው! ሞተር ክፍል! ለምን ቆመ?»

ያንን ቀን የሚያውቁ ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ስድብ ያውቃሉ። ብርቅነሽ ልትይዛቸው አንድ እርምጃ ስትራመድ፣ ከኋላ ሌላ ድምፅ ቀደማት።

«ሞተር ክፍል ለብሪጅ!» አሉ ኮማንደር ተሻገር፣ በጎልማሳነት ድምፃቸው። «ሞተሩ ግሏል። ከቀጠልን ይቃጠላል። አርባ ደቂቃ ስጠኝ፤ አደርስሃለሁ።»

ሞላልኝ አዳመጡ። አንዳች ነገር ፊታቸው ላይ ተመላለሰ። ያን ቀን ደረጃውን ወርደው ነበር። ዛሬ ከቆሙበት አልወረዱም።

«አርባ ደቂቃ፤ ተሰምቷል» አሉ በመጨረሻ። «ውሰድ። አምንሃለሁ።»

ተሻገር ከንፈራቸውን ነክሰው አጠገባቸው ሄደው ቆሙ። ወረቀቱን ግን ከእጃቸው አልነጠቁም። ስሙን በቃላቸው ያውቁት ነበርና፣ በሹክሹክታ፣ «ባሕረኛ ኪያ» አሉ።

«ባሕረኛ ኪያ!» ብለው ሞላልኝ ደገሙት ጮክ ብለው። ደወል።

«መካኒክ ኢብራሂም።»

«መካኒክ ኢብራሂም!» ደወል።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ፤ ሞተር ክፍል እየሰጠ፣ ብሪጅ እየደገመ፣ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ድረስ። የሁለቱ ጠረጴዛ ሰዎች መቼ እንደተቀላቀሉ ብርቅነሽ አላየችም፤ ቀና ስትል ግን ማን ከየትኛው እንደሆነ መለየት አቃታት። የዴኩ ሰው፣ ያ «ዴክ ይቀድማል» ያለው፣ ሊሄድ የነበረውን የሞተር ክፍል ሰው ትከሻ ይዞ ያለቅሳል።

የመጨረሻው ደወል ድምፅ ሲጠፋ ሞላልኝ ወደ ጎናቸው ዞሩ። አጠገባቸው የቆመውን ረጅም ሰው ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ ሐምራዊው ጨርቅ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ሞተር ክፍል ላይ ያለኸው ማን ነህ?»

«ተሻገር ነኝ።»

«ተሻገር!» ፊታቸው በራ፤ ከብዙ ዘመን የጠፋ ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ያገኘ ሰው ፊት ሆነ። «ስላንተ ነው የጻፍኩት! ስላንተ ነበር እኮ!» አሉና፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኮፍያቸው አነሱ። በሰልፍ ፊት በሚናገሩበት በዚያ በብሪጅ ድምፃቸው፣ ከጥላው ሥር ያለው ሁሉ እስኪሰማ፣ «በሰላም አድርሰኸናል። አመሰግናለሁ፣ ካፕቴን ተሻገር!» አሉ።

ተሻገር የሰላምታ እጃቸውን ለማንሳት ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ በሦስተኛው ተነሣላቸው።

«ኮማንደር ለማለት ነው…» ብሎ ጥዑመልሳን ሊያርም ሲጀምር ብርቅነሽ ክንዱን ጨመቀችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከሞላልኝ እጅ የወደቀውን ወረቀት አነሳች። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች፤ የምትደገፍበት ነገር ስላጣች ወረቀቱን ጥዑመልሳን ጀርባ ላይ ዘረጋችው። አንዱን ፊደል ስትጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን በሳው። አላጠፋችውም፣ ሌላ ወረቀትም አልፈለገችም።

«ኮማንደር ተሻገር፣ ከሞተር ክፍል፣ ካፕቴን ተብለዋል» ብላ ጻፈች። «በሰልፍ ፊት ተነቧል። ግንቦት 16 ቀን 2017፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት።»

ከነቀዳዳው ወስዳ በተሻገር እጅ ላይ አኖረችላቸው።